ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ጫፍ፣ አንድ አዳር፦ ጫፉን ማታ ወይስ ንጋት?

እርጥብ_ካልሲ · ሰኞ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከማንበብ በቀር አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። በቀን ጉዞ አልታማም። ድንኳን ተሸክሜ ተራራ ላይ ማደር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አንድ ጓደኛችን።

መንገዱ ይህን ይመስላል። መኪናው የሚቆመው 2,300 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወንዙን ይዘን ሸለቆውን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ስንወጣ ታችኛው ሐይቅ ላይ እንደርሳለን፣ 3,050 ሜትር። ላይኛው ሐይቅ 2 ኪሎ ሜትር አልፎ 3,400 ላይ ነው። ጫፉ ከላይኛው ሐይቅ ራስጌ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ 3,870። ከሐይቁ ወደ ኮርቻው (ሸንተረሩ ዝቅ ወደሚልበት ቦታ) የሚያወጣ ልቅ ድንጋይ አለ፤ ከኮርቻው በኋላ ሸንተረሩን ይዞ መሄድ ነው።

ያሰብነው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ልንነሳ፣ 7 ሰዓት ላይ ላይኛው ሐይቅ ደርሰን ድንኳኑን ውሃው ዳር ልንተክል፣ 9 ሰዓት ወደ ጫፉ ልንወጣ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ አናቱ ላይ ሆነን አይተን በባትሪ እንወርዳለን። እሑድ አርፍደን ተነስተን ወደ ቤት።

ዕቅዱ ያስኬዳል? የሐይቁ ውሃስ ይጠጣል? ደግሞ ቦርሳዬን ስመዝነው 19 ኪሎ መጣ፤ እኔ 58 ኪሎ ነኝ። ያስቃል አይደል?

ድንኳን_በነፋስ · ሰኞ

አያስቅም፣ ወገብ ያስይዛል። ጀንበር ስትጠልቅ ጫፍ ላይ መሆን ለፎቶ ያምራል። ከፎቶው በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ግን ማንም ፎቶ አያነሳውም።

አሮጌ_ጫማ · ሰኞ

እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። መንገዱን በሜትርና በኪሎ ሜትር አስቀምጠሽ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው «ሩቅ ነው ወይ?» ብሎ ነው የሚጀምር።

በ1892 ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት አለ፤ እኔ ዛሬም ካርታ ስዘረጋ የምጀምረው ከእሱ ነው። በግምት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። እስከ ላይኛው ሐይቅ 9 ኪሎ ሜትርና 1,100 ሜትር ዳገት አለሽ። ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ከ50፤ ሲደመር 3 ሰዓት ከ38። ይህ ግን ሸክሙ ቀሎለት፣ ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ድንኳን ለተሸከመ ሰው እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ 5 ሰዓት ተኩል ግድም። 3 ሰዓት ብትነሱ ሐይቁ ጋ የምትደርሱት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው እንጂ 7 ላይ አይደለም። ድንኳን ተክላችሁ፣ ውሃ አጣርታችሁ፣ ትንፋሽ ሰብስባችሁ ቀና ስትሉ 10 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በኋላ 470 ሜትር ልቅ ድንጋይ?

ሁለተኛው ነገር ሰማዩ ነው። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ተዳፋቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረ ሰማይ ከሰዓት በኋላ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። መብረቅ ከፍ ያለ ነገር ይወዳል፤ ሸንተረር ላይ ከፍ ያልሽው ነገር አንቺ ነሽ። መብረቁን አይተሽ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነውና ውረጂ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ነው የምትወጪው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማደሪያው፣ እሑድ ጫፉ፤ 11 ሰዓት ከሌሊቱ ላይ ተነሱ። የመመለሻ ሰዓቱን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት፤ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት። ሰዓቱ ሲሞላ ጫፉ የትም ይሁን የት ይዞራል። እዚያ ደርሰን እንወስናለን አትበሉ፤ ጫፍ ያየ ሰው ዳኛ አይሆንም።

ቁልቁል · ሰኞ ማታ

ጋሼ በዕድሜም በልምድም ይበልጡኛል፤ ግን ይህን ንጋት ንጋት የሚባለውን ነገር አታጋንኑት። እኔ ተራራ ላይ የተጎዳሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በንጋት ነው። ሌሊት በድንጋዩ ላይ የወረደው ጤዛ ስስ በረዶ ሆኖ ነበር። በራስ ባትሪ ብርሃን እርጥብ ድንጋይና በረዶ የለበሰ ድንጋይ አይለይም። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ መኪናው ጋ እስክደርስ ስድስት ሰዓት አነከስኩ። አመሻሽ ላይ እኮ ድንጋዩ ደርቋል፣ መንገዱ ይታያል፣ ሰውነትም ሞቋል።

አሮጌ_ጫማ · ሰኞ ማታ

ቁልቁል፣ ይህ እውነት ነው፤ አልከራከርህም። እንግዲያው ላስተካክል፦ 11 ሰዓት ከሌሊቱ ላይ ተነሱ ያልኩት ከማደሪያው ነው። ልቅ ድንጋዩ ላይ ስትደርሱ መሬቱ ለዓይን መያዝ አለበት። ጥላ ያለበት ጎን ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ካያችሁ እጃችሁን አስቀድሙ፤ ከጫማ ይልቅ እጅ ያውቃል። አመሻሹን ግን አሁንም አልቀበልህም። ያንተ ቁርጭምጭሚት የዞረው ቀኑ ሊነጋ ሲል ነው፣ ፊትህ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን ነበረህ። ማታ ቢሆን ኖሮስ?

ቁልቁል · ሰኞ ማታ

እሱስ ልክ ነዎት።

ባለ_ስቴቶስኮፕ · ማክሰኞ

ሁሉም ስለ ሰዓት ያወራል፤ እኔ ስለ አልጋ ልጠይቅ። እርጥብ ካልሲ፣ ዓርብ ማታ የምታድሩት ስንት ሜትር ላይ ነው?

እርጥብ_ካልሲ · ማክሰኞ

ቤታችን፣ 900 ሜትር አካባቢ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነው በመኪና የምንነሳው።

ባለ_ስቴቶስኮፕ · ማክሰኞ

የፈራሁትን ነው ያልሽው።

3,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ኦክስጅኑ በመቶኛ ያው 21 ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባልሽ ግን በግፊቱ ልክ ያንሳል። ከ3,000 በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ እየተባለ፣ እናንተ ከ900 ተነስታችሁ በዚያው ቀን 3,400 ላይ ልትተኙ ነው። አንዳንዱ ሰው ምንም አይሆንም። ማን እንደሚሆን ግን ጉልበት አይናገርም፤ ስፖርተኛውም እንደ ሌላው ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለት ለውጥ። አንደኛ፣ ዓርብ ማታ መኪናው የሚቆምበት 2,300 ላይ እደሩ። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ታችኛው ሐይቅ ጋ ቁሙ። 3,050ም ቀላል አይደለም፤ ግን ከላይኛው በብዙ ይሻላል። ላይኛውን ሐይቅ እሑድ ስታልፉ ታዩታላችሁ፤ የትም አይሄድም።

ራስ ምታት ኖሮ በዚያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም ማዞር ከተጨመረ የከፍታ ሕመም ብላችሁ ያዙት፤ «ፀሐይ መታኝ» አይባልም። እንዲህ የሆነ ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ አይሄድም፣ ከባሰበት ይወርዳል። እንቅልፍ እምቢ ስላለሽ ብቻ ግን አትደንግጪ። የሕመሙ መለኪያ የሆነው የሌክ ሉዊዝ መመዘኛ በ2018 ሲሻሻል እንቅልፍ ማጣት ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ከፍታ ላይ ደህና የሚተኛ ጥቂት ነው። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው ሰው፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው። ያኔ ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል አይነካ። መከላከያ መድኃኒት ካሰባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እዚህ መጠን አልጽፍም።

ሦስት_ግራም · ማክሰኞ

19 ኪሎ!!! ዝርዝሩን ለጥፊልኝ። ይቺን ለእኔ ተዉልኝ።

እርጥብ_ካልሲ · ማክሰኞ

እሺ፣ እንዳትስቁ። ባለ ሦስት ሰው ድንኳን (3.4 ኪሎ፤ ለምን እኔ እንደምሸከመው አትጠይቁኝ)። ስሊፒንግ ባግ። የሚነፋ ፍራሽ፣ ያ ለዋና የሚሆነው ዓይነት። ሁለት ጂንስ። ትልቅ ፎጣ። የጋዝ ምድጃና ሁለት ጣሳ ጋዝ። ድስት። የቆርቆሮ ምግብ። 4 ሊትር ውሃ። ትልቁ ፓወር ባንክ። ካሜራ። አንድ ልብ ወለድ፣ 600 ገጽ።

ሦስት_ግራም · ማክሰኞ

አልሳቅኩም። ትንሽ አለቀስኩ።

ከውሃው ልጀምር። መንገዱ ወንዝ ይዞ ይሄዳል ብለሻል። 4 ሊትር ውሃ 4 ኪሎ ነው፤ ወንዝ በጎንሽ እየፈሰሰ ወንዝ ተሸክመሽ ትወጫለሽ ማለት ነው። አንድ ሊትር ያዥ፣ ማጣሪያ ያዥ፣ ሲያልቅ ቅጂ። ድንኳን ለሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ሸራውን፣ አንዱ የላይ ልብሱን፣ አንዱ ዘንግና ካስማውን። ከመካከላችሁ እምቢ ያለ ካለ ውጭ ይደር። ጂንሶቹ ሁለቱም ይውጡ፤ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ለመድረቅም ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። ፎጣውን በመሀረብ ለውጪው። የቆርቆሮ ምግብ ግማሹ ውሃና ብረት ነው፣ ደረቅ ያዙ።

አሁን ዋናው፦ ፍራሹ። ሌሊት ሰው የሚቀዘቅዘው ከላይ ይመስለዋል፤ ሙቀቱን የሚመጠው ግን መሬቱ ነው። የዋና ፍራሽ ውስጡ ባዶ አየር ስለሆነ ብርዱን አያቆምልሽም። የካምፕ ፍራሾች አር ቫልዩ የሚባል ቁጥር አላቸው፤ ውርጭ ለሚጥልበት ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ፈልጊ። ሁለት ስትደራርቢ ቁጥሩ ይደመራል፤ ስለዚህ ያለሽ ፍራሽ 2 ከሆነ ከሥሩ ሌላ ባለ 2 የስፖንጅ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ስሊፒንግ ባግሽ ላይ ደግሞ ሁለት የሙቀት ቁጥር ታገኛለሽ፦ የምቾቱና የወሰኑ። አንቺ የምቾቱን እመኚ። በወሰኑ ቁጥር ሌሊቱ ያልፋል፣ እንቅልፍ ግን የለም።

ልብ ወለዱ ይምጣ። ሌላው ሁሉ የሚቀነሰው ለእሱ ቦታ እንዲኖር ነው።

ድንኳን_በነፋስ · ረቡዕ

ጋዙ ምንድነው? ጣሳው ላይ ቡቴን ብቻ ከተጻፈ ተይው። ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ ግማሽ ዲግሪ በታች ስለሆነ ውርጭ ባለበት ጠዋት ፈሳሽ ሆኖ ጣሳው ውስጥ ይቀመጥና ምድጃሽ ያዛጋል። ፕሮፔን እስከ −42 ይተናል፤ የተቀላቀለውን ፈልጊ። ጣሳውን ሌሊት ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ እግርሽ ሥር አድርጊው። የውሃ ማጣሪያውንም አብረሽ አስተኚው። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ውሃ ይዘው ከበረዱ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ ደግሞ አይታይም፣ ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ አንቺም ያጣራሽ ይመስልሻል። ስልክሽም ከብርድ ጋር አይስማማምና ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ይተኛ።

ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይለኮስም። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው አይባልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም።

ውሃው የጠራ ቢሆንም ይጣራ ወይም ይፍላ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ተህዋሲያኑን ለመግደል ይበቃል፣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንተክትኩት ይባላል። የክሎሪን ጠብታ ብቻውን ክሪፕቶስፖሪዲየም ለሚባለው የአንጀት ተህዋሲ እምብዛም አይሠራም።

ድንጋይ_አንባቢ · ረቡዕ

ስለ ሐይቆቹ ማንም አላነሳም! እንዲህ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ የተራራ ሐይቆች አብዛኛውን ጊዜ የበረዶ ግግር ሥራ ናቸው። ግግሩ ሲወርድ ለስላሳውን ዐለት ይቦረቡራል፣ ጠንካራው እንደ ደፍ ይቀራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ሲታዩ በክር የተሰኩ ይመስላሉ፤ የሥነ ምድር ሰዎችም ከመቁጠሪያ ዶቃ ጋር አመሳስለው ፓተርኖስተር ይሏቸዋል፣ በላቲን «አባታችን» ማለት ነው። ላይኛው ሐይቅ ወተት የነካው ሰማያዊ ከሆነ ከላዩ ገና ግግር አለ ማለት ይሆናል፤ ቀለሙ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ድንጋይ ነው።

ይህ ለማደሪያም ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ሌሊት ከየገደሉ እየወረደ የሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከውሃው ትንሽ ከፍ ያለ ደፍ ፈልጉ። ዳሩ ላይ ከተከላችሁ ጠዋት ድንኳኑ በውስጥም በውጭም አልቦት ታገኙታላችሁ። ለውሃውም ደህንነት 60 ሜትር መራቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ መጸዳጃም እንደዚያው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ።

አሮጌ_ጫማ · ሐሙስ

ከታችኛው ሐይቅ ጫፉ 820 ሜትር ነው። ርቀቱን 4 ኪሎ ሜትር ብለን በዚያው ስሌት፣ ቀላል ቦርሳ ብትይዙም ግማሹን ጨምረንበት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በለጥ ይላል። 11 ሰዓት ከተነሳችሁ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ አናቱ ላይ ናችሁ። 3 ሰዓት መዞሪያ ይሁን ያልኩት ይበቃል። መልካም መንገድ። ስትመለሺ ጻፊ፤ ሄዶ የሚጠፋ ጠያቂ በዝቶብናል።

እርጥብ_ካልሲ · ረቡዕ፣ ከጉዞው በኋላ

አልጠፋሁም!

ቦርሳዬ 12.5 ኪሎ ሆኖ ሄደ፣ ልብ ወለዱን ጨምሮ (አራት ገጽ አነበብኩ)። ዓርብ መኪናው ጋ አደርን። ቅዳሜ ታችኛው ሐይቅ ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀብን፤ ጋሼ፣ የእርስዎ ስሌት በአንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሳተው። ከውሃው ከፍ ብላ ያለች ደፍ ላይ ተከልን። ከሌላ ወገን የመጡ ሁለት ሰዎች ዳሩ ላይ ተክለው ነበር፤ ጠዋት ድንኳናቸው በአመዳይ ነጭ ሆኖ የእኛ እርጥብ እንኳ አልነበረም። ልነግራቸው ፈልጌ አፈርኩ።

ወንድሜ ከደረስን በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ዘሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ብቅ ሲል አፉን ከፍቶ ነበር፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ምናልባት አንድ ደቂቃ። ጓደኛችን እጁን ይዞ ጎተተው። ማታ ሦስታችንም ትንሽ ራሳችንን አመመን፣ በልተን ጠጥተን ስንተኛ ተወን። ተረከዝና ጣት እያገጣጠምን ስንራመድ ያየን ሰው አብደዋል ይል ነበር።

እሑድ 11 ሰዓት ተነሳን። ላይኛው ሐይቅ ገና ጥቁር ነበር። እዚያ ነው የተሳሳትነው። ወደ ኮርቻው የሚያወጣውን ትተን የእንስሳ ዱካ ይዘን ሌላ ሰርጥ ውስጥ ገባን። ዱካው ዐለት ጋ ደርሶ ጠፋ። ወርደን እንደገና ስንጀምር 50 ደቂቃ ሄዷል። ሸንተረሩ ላይ ስንሄድ 3 ሰዓት ሞላ። ከፍታ መለኪያው 3,790 ይላል። 80 ሜትር! ጫፉ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር በዓይን ይታያል። ወንድሜ «ሃያ ደቂቃ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ሃያ ደቂቃ ነበር። ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ዞረ። እኔም ዞርኩ። ወንድሜ መኪናው ድረስ አላናገረንም።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ደመና አልታየችም። አንዲት! 11 ሰዓት ከቀኑ ላይ በመኪናው መስኮት ዞሬ ሳየው ጫፉ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል።

ቁልቁል · ረቡዕ

እኔ ብሆን እወጣ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሰው ሁሉ ደህና፣ ሃያ ደቂቃ። ሰዓት እኮ ለሰው ነው የተሠራው።

ድንኳን_በነፋስ · ረቡዕ

አንተ ብትሆን ትወጣ ነበር፣ ቁርጭምጭሚትህም ይመሰክራል።

አሮጌ_ጫማ · ሐሙስ

ቁልቁል ያለው ሞኝነት አይደለም። እኔም በእሷ ዕድሜ እወጣ ነበር፤ ወጥቼም አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ምንም አልሆንኩም፣ በሦስተኛው ጊዜ ግን ሸንተረር ላይ መብረቅ ሊወርድ ሲል ፀጉሬ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ይሁን በእጄ እንደወረድኩት አላስታውስም። ልጄ፣ የተናደድሽው በሰዓቱ ይመስለኛል፤ ሰዓቱን የበላው ግን ያ ሰርጥ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳን ከተከላችሁ በኋላ ቦርሳ ሳትይዙ እስከ ላይኛው ሐይቅ ሂዱና መግቢያውን በብርሃን እዩት፤ ሁለት ሦስት ምልክት ያዙ። ያኔ በጨለማ ብትመጡም አያሳስትም። ከፍ ብሎ ሄዶ ዝቅ ብሎ መተኛቱ ለራስ ምታቱም ይረዳል።

እርጥብ_ካልሲ · ሐሙስ

ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም!! እሺ ጋሼ። ወንድሜም አንብቦታል፣ «እንግዲያው ከሦስት ሳምንት በኋላ» ብሏል። አሁን እያናገረን ነው።

ባለ_ስቴቶስኮፕ · ዓርብ

ወንድምሽ ሐይቁ ውስጥ ስለ መዝለሉ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ያኔ ፊቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ድምፁ የጠፋበት ያ አንድ ደቂቃ ዋናተኛም የሚሰምጥበት ነው። በሚቀጥለው ከእግሩ ጀምሮ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ጥልቁም ጋ አይሂድ። ደግሞ እሑድ ሲወርድ ሁላችሁም አጣርታችሁ ነው የጠጣችሁት?

እርጥብ_ካልሲ · ቅዳሜ

እኔና ጓደኛችን አዎ። ወንድሜ ተኮራርፈን ስለነበር ከፊታችን ቀድሞ እየሄደ ነበርና ከወንዙ በእጁ ጠጣ። ማጣሪያው እኔ ጋ ነበር።

ባለ_ስቴቶስኮፕ · ቅዳሜ

ጃርዲያ የሚባለው በውሃ የሚመጣ የአንጀት ተህዋሲ ከሆነ ሕመሙ የሚጀምረው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ተቅማጥ፣ የሚሸት ግሳት፣ የሆድ መነፋት ካየ ወደ ሐኪም ይሂድ፣ የተራራ ውሃ መጠጣቱንም ይናገር። ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?

እርጥብ_ካልሲ · ቅዳሜ

ስድስተኛ። እስካሁን ደህና ነው። ስነግረው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ሄዶ የራሱን ማጣሪያ ሊገዛ ወጣ።